የስድስቱ ጠላቶች ሚዛን

ባለፈው ወር በመመገቢያው አዳራሽ ደጃፍ የተጀመረ አንድ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የሥነ ልቡና ትምህርት የምንከታተል ጥቂት ባልንጀሮች ለመለኪያ ትምህርታችን አንድ መጠይቅ አዘጋጅተን እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር። በየዓመቱ የሚቀርበውን የጭንቀትና የድካም መጠይቅ ከመገልበጥ አዲስ ነገር እንሞክር ብለን፥ በሕንድ ፍልስፍና «ስድስቱ ጠላቶች» የሚባሉትን የሰው ክፉ ጠባዮች ለመለካት ተነሣን። ሥራው ገና በጅምር ሳለ ወሬው ተዳረሰና አንድ ወንድማችን «ይህማ ለማኅበራችን ምርጫ የተላከ መድኃኒት ነው፤ እጩዎቹን በዚህ መዝናችሁ ትዕቢተኛውንና ስግብግቡን አስቀድማችሁ አበጥሩልን» አለ። እኛም ሳቅን። በሳምንቱ ግን ያው አሳብ በወረቀት ሰፍሮ ፊርማ ሲሰበሰብበት አየን፤ ከዚያ ወዲህ ሳቁን ትተናል።

ፊርማቸውን ያኖሩት ባልንጀሮቻችን ቅን አሳብ እንዳላቸው አንጠራጠርም። በምርጫው ዋዜማ በየመኝታ ክፍሉ እየዞረ እጅ ሲነሣ ሰንብቶ፥ በተመረጠ ማግሥት ሰላምታ የሚያጥረውን ሰው ያላየ ማን አለ? ይሁን እንጂ መሣሪያውን በእጃችን የሠራን እኛ ስለሆንን፥ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የመናገር ዕዳ አለብን። በአጭሩ የምንለው ይህ ነው፦ ክፉ ጠባይን መለካት ይቻላል፥ ይገባልም። ነገር ግን ሰውን በገዛ አፉ ምስክርነት ብቻ መዝኖ መሾም ወይም መጣል፥ ሚዛኑ ከተወሰደበት ፍልስፍናም ከሳይንሱም ጋራ አይስማማም። ከዚህ በታች ምክንያታችንን እንዘረዝራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስድስቱ ጠላቶች እነማን እንደሆኑ እናስረዳ። ሕንድ ለእኛ የባዕድ አገር አይደለችም፤ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከዚያ በመጡ መምህራን ነው። ከሒሳቡ ጋራ የአገሪቱን ፍልስፍና የመስማት ዕድል ያገኘ ግን ጥቂት ይመስለናል። በሳንስክሪት ቋንቋ «ሻድሪፑ» ማለት ስድስት ጠላቶች ማለት ነው። እነሱም ካማ፥ ክሮዳ፥ ሎባ፥ ሞሃ፥ ማዳና ማትሳርያ ይባላሉ። ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ካማ ምኞት ወይም ፍትወት፥ ክሮዳ ቁጣ፥ ሎባ ስስት፥ ሞሃ መታለል ወይም የልቡና መጋረድ፥ ማዳ ትዕቢት፥ ማትሳርያ ምቀኝነት ይሆናል። ጠላት መባላቸው፥ የውጭውን ባላጋራ ሰው በሩን ዘግቶ ሲመክተው፥ እነዚህ ግን ከውስጥ ሆነው በሩን ስለሚከፍቱ ነው።

ይህ ትርጉም በአንድ መስመር ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ እኛን ግን ሦስት ማታ ፈጅቶብናል። ለምሳሌ ማዳ ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ስካርንም ይጨምራል። ሀብት፥ ሥልጣን፥ መልክ፥ ዕውቀትም ሳይቀር እንደ ጠጅ ራስ ላይ ወጥቶ ሰውን ያሰክራል ማለት ነው። ማትሳርያን ደግሞ ቅናት እንበለው ወይስ ምቀኝነት? በእኛ ቋንቋ ባልንጀራው በትጋቱ ያገኘውን አይቶ እሱን ለመምሰል የሚተጋ ሰው ቀና ይባላል፤ ባልንጀራው ያገኘውን እንዲያጣ የሚመኝ ግን ምቀኛ ነው። በሆላንድ አገርም ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉ፤ የቲልበርግ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት፥ አንዱ ወደ ላይ ለመውጣት ሌላው ሰውን ወደ ታች ለመጎተት የሚያነሣሣ ሁለት ዓይነት ስሜት መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ በመጠይቃችን «ቅናት ያድርብኛል» ብሎ ቢመልስ፥ የትኛውን እንደ ነገረን በምን እናውቃለን? ቃሉን ሳናጠራ የሰበሰብነው ቁጥር ሁሉ በእንክርዳድ የተቀላቀለ ስንዴ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ፥ የስድስቱ ጠላቶች ዝርዝር ራሱ አንድ ብቻ አይደለም። በባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 16 ላይ ክሪሽና ሰውን ወደ ጥፋት የሚያስገቡ በሮች ሦስት መሆናቸውን ይነግራል፤ እነሱም ካማ፥ ክሮዳና ሎባ ናቸው። ካውቲልያ የጻፈው የሚባለውና ስለ መንግሥት አስተዳደር የሚያስተምረው አርታሻስትራ ደግሞ ንጉሥ ሊጥላቸው የሚገቡትን ስድስት ሲቆጥር ካማን፥ ክሮዳን፥ ሎባንና ማዳን ካነሣ በኋላ፥ በሞሃና በማትሳርያ ቦታ ኩራትንና ከመጠን ያለፈ ደስታን ያስገባል። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ በ1905 በማይሶር ከተማ ሻማሻስትሪ የተባሉ ሊቅ የዘንባባ ቅጠል ብራናውን አግኝተው በ1909 አሳተሙት። ስለዚህ «የሕንድ ፍልስፍና እንዲህ ይላል» ብሎ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሁሉ፥ የትኛው መጽሐፍ፥ ለማን የተጻፈ ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለመነኩሴ የተሰጠው ምክርና ለንጉሥ የተሰጠው ምክር አንድ አይደለም።

ሕንዶች ራሳቸው ይህን ጉዳይ እንዴት ያዙት? ካልካታ ዩኒቨርስቲ በ1916 በአገሪቱ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል ሲከፍት፥ የክፍሉ መሪ ናሬንድራ ናት ሴንጉፕታ ትምህርታቸውን በአሜሪካ በሃርቫርድ ያጠናቀቁ ሰው ነበሩ። መሣሪያውም መጽሐፉም ከውጭ የመጣ ነበር። በኋላ ግን የተማረው ትውልድ «የገዛ አገራችን ሊቃውንት ስለ ሰው ልቡና ለሁለት ሺህ ዓመታት የተናገሩት የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ፓንዴና ናይዱ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከጊታ «አናሳክቲ» የሚለውን አሳብ ወስደው መለኪያ ሠሩለት። አናሳክቲ ማለት ሰው ሥራውን በትጋት እየሠራ በውጤቱ ግን አለመታሰር ነው። በ1992 ባወጡት ጥናት ይህ ጠባይ ከፍ ያለላቸው ሰዎች የኑሮ ውጥረት የሚያደርስባቸው ጉዳት አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ1998 ደግሞ ዴቪድ ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪ ሳትቫ፥ ራጃስና ታማስ የሚባሉትን ሦስት የባሕርይ መሠረቶች፥ ማለት ጽዳትን፥ ግለትንና ድንዛዜን፥ የሚለካ ባለ 56 ጥያቄ መጠይቅ አሳተሙ።

ምዕራባውያንም ቢሆኑ ከሃይማኖት አባቶቻቸው የወረሱትን ዝርዝር አልጣሉትም። ምቀኝነትን የሚለካ ባለ 8 ጥያቄ መጠይቅ በ1999፥ ስስትን የሚለካ ባለ 7 ጥያቄ በ2015 ወጥቷል። በ2014 ደግሞ ሰባቱን ዋና ዋና ኃጢአቶች በ70 ጥያቄዎች ለመለካት የሞከሩ ተመራማሪዎች ሥራቸውን አቅርበዋል። እንግዲህ እኛ ያነሣነው አሳብ እብደት አለመሆኑን ለመምህሮቻችን ለማስረዳት ይህ የሚበቃ ይመስለናል።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ከሌላ ወገን ይነቅፉናል። «የሰው ልብ በክንድ አይለካ፥ በሚዛን አይመዘን፤ ትዕቢትን በቁጥር መግለጽ የፈረንጅ ቀልድ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። በየመንደሩ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲመረጥ «እገሌ ቁጡ ነው፥ ይቅር፤ እገሌ ይሻላል» ይባላል። ይሻላል ማለት መመዘን አይደለምን? ሰው ሁሉ ሰውን ሲመዝን ይውላል። ሳይንስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መለኪያህን አውጣና አሳየን፥ ሌላውም ሰው ቢለካበት ያው ይገኝ እንደሆነ እንፈትነው ይላል። ክፋቱ ከመለካት አይመጣም፤ ክፋቱ የለኩትን ሳያውቁ ለካሁ ከማለት ነው።

አሁን ወደ መጠይቃችን እንግባ። እንደ ብዙዎቹ መጠይቆች ሁሉ የእኛም የተሠራው ሬንሲስ ሊከርት በ1932 ባሳወቀው ዘዴ ነው። አንድ አረፍተ ነገር ይቀርባል፤ መላሹ ከ«ፈጽሞ አልስማማም» እስከ «እጅግ እስማማለሁ» ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ያከብባል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይደመራል። ለእያንዳንዱ ጠላት እኩል ጥያቄ አዘጋጀን፤ ድምሩ ሲበዛ ጠላቱ በረታ አልን። ነገሩ ንጹሕና ሥርዓት ያለው መሰለን። ወደ መጽሐፎቹ ተመልሰን ስናነብ ግን ሦስት ጉድጓዶች አገኘን።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ካማ ነው። በሕንድ ትምህርት የሰው ልጅ ሕይወት አራት ዓላማዎች አሉት፤ እነሱም ዳርማ ወይም የጽድቅ ሥርዓት፥ አርታ ወይም ሀብትና ኑሮ፥ ካማ ወይም ምኞትና ደስታ፥ ሞክሻ ወይም ነጻ መውጣት ናቸው። ስለዚህ ያው ካማ በአንድ በኩል ከጠላቶች ይቆጠራል፥ በሌላ በኩል ከሕይወት ዓላማዎች አንዱ ነው። በጊታ ምዕራፍ 7 ላይም ክሪሽና ከዳርማ የማይጣላ ምኞት እኔው ነኝ ይላል። እኛ ግን «ብዙ ነገር እመኛለሁ» ያለውን ሁሉ ነጥብ ጨመርንበት። እናቱን ከችግር ለማውጣት ዲግሪውን ሌት ተቀን የሚመኝ የድሀ ልጅ በመጠይቃችን የካማ ምርኮኛ ሆኖ ተገኘ! ምንም ሳይጎድልበት ያደገው ደግሞ የሚመኘው ስለሌለ ጻድቅ ሆነ። ይህ ፍርድ ነው?

ሁለተኛው ጉድጓድ ስድስቱን በስድስት ሣጥን ለያይተን መደመራችን ነው። በጊታ ምዕራፍ 2 እነዚህ ነገሮች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይመጣሉ። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያስብ ልቡ በዚያ ነገር ይታሰራል፤ ከመታሰሩ ምኞት ይወለዳል፤ ምኞት ሲከለከል ቁጣ ይሆናል፤ ከቁጣ መታለል ይመጣል፤ የታለለ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል፤ ከረሳ ማስተዋሉ ይጠፋል፤ ማስተዋሉ ሲጠፋ ራሱ ይጠፋል። ይህን ከግቢያችን ኑሮ ውጭ መፈለግ አያሻም። አንድ ባልንጀራችን ወደ ውጭ አገር የሚያስኬድ የትምህርት ዕድል ሲመኝ ይሰነብታል። ዕድሉ ለክፍል ጓደኛው እንደ ተሰጠ ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ከዚያ ጓደኛው በዘመድ አገኘው ብሎ ያምናል፤ በሁለተኛ ዓመት በታመመ ጊዜ የትምህርት ማስታወሻውን ገልብጦ ያመጣለት ያው ጓደኛው መሆኑን ይረሳል። በመጨረሻም የማይመለስ ቃል ይናገራል። በዚህ ሰው ላይ የእኛ መጠይቅ ካማ ይህን ያህል፥ ክሮዳ ይህን ያህል ብሎ ስድስት ቁጥር ይሰጠናል፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደ ወለደው ግን ከቶ አይነግረንም። ሰንሰለቱን ለማየት የፈለገ አንድ ቀን በአንድ ወረቀት ሳይሆን፥ ለብዙ ቀናት በየዕለቱ ማስታወሻ እያስያዘ ሊከታተል ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ከሁሉ የጠለቀ ነው። በጊታ ምዕራፍ 3 አርጁና፥ ሰውን ሳይወድ በግድ ወደ ክፉ የሚነዳው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ክሪሽናም ምኞትና ቁጣ መሆናቸውን ከነገረው በኋላ፥ ጢስ እሳትን እንደሚሸፍን፥ አቧራም መስተዋትን እንደሚያለብስ፥ ይህ ጠላት ዕውቀትን ይጋርዳል ይለዋል። እስቲ ይህን ምሳሌ ከመጠይቃችን ጋራ እናስተያየው። ቁጡ ሰው ቁጡ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ «ቶሎ እቆጣለሁ» ለሚለው እውነቱን ሊመልስ ይችላል። የታለለ ሰው ግን መታለሉን ቢያውቅ ኖሮ የታለለ አይባልም ነበር። የሰከረም ሰከርሁ አይልም። ሞሃንና ማዳን ከባለቤታቸው መጠየቅ፥ አቧራ የለበሰውን መስተዋት «ንጹሕ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሳይንሱም በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል። ክራውንና ማርሎው የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 ሰዎች መጠይቅ ሲሞሉ ደግ መስለው ለመታየት የሚያደርጉትን የሚይዝ ባለ 33 ጥያቄ መሣሪያ አወጡ። ዴልሮይ ፖልሁስ በ1984 ይህን በሁለት ከፈሉት፤ አንዱ አውቆ ሌላውን ለማታለል የሚደረግ ማስመሰል ሲሆን፥ ሁለተኛው ሳያውቁት ራስን ማታለል ነው። የሁለተኛው ስም ሞሃ ቢባል የሚያስኬድ ይመስለናል። ሲሚን ቫዚር ደግሞ በ2010 ባቀረቡት ጥናት፥ እንደ ጭንቀት ያለውን የውስጥ ስሜት ባለቤቱ ራሱ ይበልጥ ሲያውቀው፥ ሙገሳና ነቀፋ የሚበዛበትን ጠባይ ግን ወዳጆቹ ከእሱ ይልቅ አጥርተው እንደሚያዩት አስረድተዋል።

እዚህ ላይ ለክፍል ባልንጀሮቻችን አንድ ነገር ሹክ እንበል። ጥያቄዎቻችን እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ለማወቅ፥ ሊ ክሮንባክ በ1951 ያስተዋወቁትን አልፋ የሚባለውን ቁጥር እናሰላለን፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ በደስታ እንዘላለን። ነገር ግን አንዱን ጥያቄ በአሥር ዓይነት አነጋገር ደጋግሞ የጠየቀ ሁሉ ከፍ ያለ አልፋ ያገኛል። አሥር ሰዎች ተስማምተው አንዱን ውሸት ቢመሰክሩ ስምምነታቸው ውሸቱን እውነት አያደርገውም። አልፋ የምስክሮቹን ስምምነት ይነግረናል፤ የነገሩን እውነት በሌላ መንገድ መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን በጣም የከበደንን ነገር እንናገር። መጠይቁን ለመሞከር አንድ ማታ በመኝታ ክፍል ተሰብስበን ነበር። ስም አይጻፍም ተባብለን ሁላችንም ሞላን። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ከመካከላችን አንዱ አንዷን ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «የባልንጀራዬ ውጤት ከእኔ ሲበልጥ ያመኛል» በሚለው ላይ መላሹ «እጅግ እስማማለሁ» የሚለውን አክብቦ ነበር። እስክርቢቶው የማን እንደሆነ በቀለሙ ታወቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ባለ ወረቀቱ ምንም ሳይናገር ወጣ። የቀረነው ሁላችን በዚያው ጥያቄ ላይ «ፈጽሞ አልስማማም» ብለን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ግን፥ ከራሳችን ስም አስቀድሞ ዓይናችን የሮጠው ወደ ማን ስም እንደ ነበረ እኛው እናውቃለን።

ያ ባልንጀራችን በዘንድሮው ምርጫ ሊቀርብ አስቦ ነበር፤ አሁን አሳቡን መተዉን ሰምተናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ምስጢር እንጠብቃለን ብለን አልጠበቅንም። ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ይህንም የምንጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። ግን ፊርማ የምታሰባስቡ ባልንጀሮቻችን ሆይ፥ ነገሩን አስተውሉት! በዚያ ማታ ሚዛኑ ማንን ጣለ? ከሁላችን ውስጥ እውነቱን የተናገረውን አንዱን ሰው ጣለ፤ ራሳችንን ያታለልነውንና ያስመሰልነውን ግን ንጹሓን ብሎ አሳለፈን። ይህን መጠይቅ በምርጫ በር ላይ ብናቆመው የሚያልፈው እንዲህ ያለው ሰው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፥ የራሳችንን ሳናይ የሌላውን ልናማስል ተነሥተን ነበር።

ታዲያ መሪን በምን እንምረጥ? ለዚህ ካውቲልያ መልስ ያለው ይመስለናል። አርታሻስትራ የስድስቱን ጠላቶች ነገር ሲያነሣ ንጉሡን ቃል አይጠይቀውም። በትዕቢታቸው፥ በምኞታቸው፥ በቁጣቸው የጠፉትን ነገሥታት በስም እየጠራ የሠሩትን ይናገራል፤ ራቫና የሌላውን ሚስት አልመልስም በማለቱ፥ ዱርዮዳና የመንግሥቱን ድርሻ አላካፍልም በማለቱ እንደ ጠፉ ያስታውሳል። መለኪያው ሥራቸው ነበር። ደግሞም ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የስድስቱ ጠላቶች ምዕራፍ የተጻፈው ንጉሡ ራሱን እንዲገዛ ነው፤ ሹማምንትን ስለ መፈተን የሚናገረው ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አስቀድሞ ራስህን ግዛ፥ ከዚያ ሌላውን መዝን ማለት ነው።

ስለ ሹማምንቱ ፈተናም አንድ ቃል እንጨምር። ካውቲልያ ሹማምንቱ በምስጢር በሃይማኖት፥ በገንዘብ፥ በፍትወትና በፍርሃት እንዲፈተኑ ያዝዛል፤ ማለት ሰላይ ተልኮ ያባብላቸዋል፥ እንቢ ያለው ይታመናል። ይህን የሰማ አንዱ ወንድማችን «እንግዲያውስ እንዲህ እናድርግ» ሊል ይችላል። አይሆንም እንላለን። ዛሬ ሰውን ሳያውቅ ወጥመድ አጥምዶ ክብሩን መንካት በምርምር ሥርዓት የተከለከለ ነው። ደግሞም አንድ ወጥመድ ስለ ሰው ሁለንተና አይናገርም። ሃርትስሆርንና ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን በ1928 ባወጡት ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ለማታለል ዕድል ባለበት ሁኔታ እየፈተኑ ተመልክተው ነበር። በአንድ ቦታ ያታለለው ልጅ በሌላ ቦታ ታማኝ ሆኖ ሲገኝ አዩ። ስለዚህ አንድ ቀን በሰው ላይ ያየነውን ይዘን «እገሌ እንዲህ ነው» ብለን ማኅተም ልንመታበት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ በበኩላችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የስድስቱ ጠላቶች መጠይቅ ለማኅበር ምርጫም ሆነ ለማናቸውም ሹመት መስፈርት አይሁን። እጩ ሲቀርብ የሚመዘነው ከዚህ በፊት በሠራው ይሁን። የክፍል ተጠሪ ሆኖ ከነበረ ጉዳይ ተቀብሎ አድርሷል ወይ? ገንዘብ ይዞ ከነበረ ደረሰኙ የት አለ? ተቃዋሚው ሲናገር አስጨርሶ ያዳምጣል ወይ? ከተመረጠም በኋላ በየሦስት ወሩ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ሥራውን ይናገር። ስስትም ትዕቢትም በመዝገብና በጉባኤ ፊት ይጋለጣሉ።

ሁለተኛ፥ መጠይቁን ለጥናት የሚጠቀምበት ሁሉ ከባለቤቱ ቃል ጋራ አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች ቃል በፈቃዱ ይጨምር፤ ይልቁንም ለሞሃና ለማዳ። አንድ ጊዜ ጠይቆ አይብቃው፤ ደጋግሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ቃላቱ ከሳንስክሪት በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ሲመጡ የሚጎድልባቸው ብዙ ነው። በዩኒቨርስቲያችን የሚያስተምሩ ሕንዳውያን መምህራን ሲኖሩ እነሱን፥ የግዕዙን ትርጓሜ የሚያውቁ ሊቃውንትንም እንጠይቅ። በመጽሐፈ መነኮሳት ላይ ስለ ክፉ ፍትወታት የተማረ ሰው በምኞትና በፍትወት መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ይህ ሲባል የሁለቱ አገሮች ትምህርት አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቃል ስንመርጥ ዐዋቂ እንጠይቅ ማለታችን ነው።

አራተኛ፥ የተሞላ ወረቀት የሞላው ሰው ነው። ማንም ያለ ፈቃዱ አያንብበው። ይህን ሕግ አፍርሰን ዋጋውን ስላየን፥ ከሁሉ አብልጠን የምንማጠነው ስለዚህኛው ነው።

«እንግዲያ መጠይቁን ልትቀዱት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። አንቀደውም። አሻሽለን እንሠራዋለን፤ መምህራችንም ፈቅደዋል። የካማን ጥያቄዎች ምኞቱ ስለ ምንና በማን ኪሳራ መሆኑን እንዲጠይቁ አድርገን እንደ ገና ጽፈናቸዋል። ቅናትንና ምቀኝነትን ለይተናል። ወረቀቱንም በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ለራሳችን ሞልተን፥ እያንዳንዳችን የራሳችንን አሽገን በሣጥናችን አኑረናል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ማንም ሳያይብን ዳግመኛ ሞልተን ሁለቱን እናስተያያለን። በዚህኛው ላይ «የባልንጀራዬ ውጤት ሲበልጥ ያመኛል» በሚለው ላይ ያከበብነው ቁጥር፥ በዚያ ማታ ካከበብነው በጣም የራቀ መሆኑን ሳናፍር እንናገራለን።

ስድስቱን ጠላቶች የጻፉልን ሊቃውንት እያንዳንዱ በገዛ ቤቱ የሚያድነውን ጠላት አሳዩን እንጂ፥ የጎረቤትን ቤት መበርበሪያ ፈቃድ አልሰጡንም። ፊርማቸውን ያኖሩ ባልንጀሮቻችን ይህን አንብበው ፊርማቸውን ቢያነሡ ደስ ይለናል፤ ያ የወጣው ባልንጀራችንም ተመልሶ ለምርጫው ቢቀርብ ይበልጥ ደስ ይለናል። ከእኛ የተለየ አሳብ ያለውም ብዕሩን ያንሣ፤ ዓምዱ ክፍት ነው።